ሃይድልበርግ ማቴሪያልስ በ2024፦ ትርፉ አድጓል፣ ካርቦኑ ግን ቀስ እያለ ነው የሚወርደው

የጀርመኑ ሃይድልበርግ ማቴሪያልስ የ2024 ዓመታዊና የዘላቂነት ሪፖርት በገንዘብ በኩል ሲታይ ጠንካራ ዓመት ያሳያል። በካርቦን በኩል ግን ቁጥሩን ሳይደብቅ ያቀረበ፣ ለ2030 የገባውን ቃል ለመጠበቅ በሚያስፈልገው ፍጥነት ግን ያልተራመደ ኩባንያ ነው የምናየው። ስለ ኩባንያው ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ኖርዌይ ውስጥ ብሬቪክ ላይ የተተከለው የካርቦን መያዣ ነው፤ መነሳቱም ተገቢ ነው። የኩባንያውን ዕጣ የሚወስነው ግን በእያንዳንዱ ከረጢት ሲሚንቶ ውስጥ የሚገባው የክሊንከር (በእቶን ተቃጥሎ የሚወጣው የሲሚንቶ ዋና ጥሬ ዕቃ) መጠን ነው። ስለዚህ ይህ ግምገማ ረዘም ብሎ የሚቆየው እዚያ ላይ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ኩባንያው እስከ 2022 ድረስ ሃይድልበርግ ሲመንት ይባል ነበር። በ50 ገደማ አገሮች ሲሚንቶ፣ ጠጠርና አሸዋ፣ የተዘጋጀ ኮንክሪትና አስፋልት ያመርታል፤ 51,000 ያህል ሠራተኞች አሉት። በ2016 የጣሊያኑን ኢታልሲመንቲ ከጠቀለለ ወዲህ በዓለም ትልልቅ ከሚባሉት ሲሚንቶ አምራቾች ተርታ ነው። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ በታንዛኒያው ትዊጋ ሲሚንቶ ይታወቃል። ኢትዮጵያ ውስጥ ፋብሪካ የለውም።

መጀመሪያ ገንዘቡን እንይ። የ2024 ገቢ 21.2 ቢሊዮን ዩሮ ነው። በ2023ም 21.2፣ በ2022 ደግሞ 21.1 ቢሊዮን ነበር። ገቢው ለሦስት ዓመት ካለበት አልተነቃነቀም ማለት ይቻላል። ከመደበኛ ሥራ የተገኘው ትርፍ ግን በ2022 ከነበረው 2.5 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ በ2024 ወደ 3.2 ቢሊዮን ደርሷል። ከእያንዳንዱ 100 ዩሮ ሽያጭ የሚቀረው ከ12 ዩሮ ገደማ ወደ 15 ከፍ ብሏል ማለት ነው። ለባለአክሲዮኖች የተከፈለው የትርፍ ድርሻም በአክሲዮን ከ2.60 ዩሮ ወደ 3.00፣ ከዚያም ወደ 3.30 አድጓል፤ በዚያ ላይ እስከ 1.2 ቢሊዮን ዩሮ የሚደርስ የራሱን አክሲዮን መልሶ የመግዛት ፕሮግራም በ2024 ጀምሯል።

ገቢው ሳያድግ ትርፉ እንዴት አደገ? በ2022 ዩክሬን ላይ በተከፈተው ጦርነት ምክንያት የጋዝ፣ የድንጋይ ከሰልና የመብራት ዋጋ ሰማይ ሲነካ ሲሚንቶ አምራቾች ሁሉ ዋጋ ጨመሩ። ኋላ የኃይል ዋጋው ሲረግብ የሲሚንቶው ዋጋ አብሮ አልወረደም። አውሮፓ ውስጥ የቤት ግንባታ ተቀዛቅዞ የሚሸጠው ቶን ቢቀንስም በቶን የሚቀረው ትርፍ ሰፋ። ሰሜን አሜሪካ ደግሞ ጥሩ ትርፍ አስገኝቷል። ይህ ጥሩ አመራር ነው፤ ወጪ ተቆጥሯል፣ ዕዳም ቀንሷል። በ2024 መጨረሻ የተጀመረውና እስከ 2026 ማብቂያ 500 ሚሊዮን ዩሮ ለመቆጠብ የታቀደው የለውጥ ፕሮግራምም በዚያው መስመር ያለ ነው። አንባቢ ግን አንድ ነገር መያዝ አለበት፦ በዋጋ የመጣ ትርፍ ዋጋው እስከቆመ ድረስ ነው የሚቆየው። ግንባታ እንደገና ካልተነቃቃና ከቱርክ ወይም ከሰሜን አፍሪካ ርካሽ ክሊንከር በመርከብ ከገባ ያ ትርፍ ይሸረሸራል። የአውሮፓ የድንበር ካርቦን ክፍያ፣ ማለትም ከውጭ በሚገባ ዕቃ ካርቦን ላይ የሚጣለው፣ ለዚህ ኩባንያ ትልቅ ትርጉም ያለውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቁጥር እንምጣ፤ 527። ይህ በ2024 አንድ ቶን ሲሚንቶ ነክ ምርት ለማምረት የወጣው የተጣራ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በኪሎ ነው። በ1990 750 ገደማ ነበር፤ ለ2030 የተያዘው ግብ ደግሞ 400 ነው። ከ1990 ወዲህ 30 በመቶ ያህል ተቀንሷል፤ ይህ እውነተኛ ሥራ ነው፣ በዘርፉም ጥሩ ከሚባሉት ውስጥ ይገባል። ፍጥነቱን ግን እንቁጠረው። 2021 ላይ 565፣ 2022 ላይ 551፣ 2023 ላይ 534፣ 2024 ላይ 527። ቅናሹ 14፣ ከዚያ 17፣ ከዚያ 7 ኪሎ ነው። ከ527 ወደ 400 ለመውረድ 127 ኪሎ ይቀራል፤ ለስድስት ዓመት ሲካፈል በዓመት 21 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ኩባንያው እስካሁን ካሳየው ምርጥ ዓመት እንኳ የበለጠ ቅናሽ በየዓመቱ፣ ለስድስት ተከታታይ ዓመት ማሳየት አለበት። በ2024 ደግሞ የቀነሰው ከሚያስፈልገው 21 ኪሎ አንድ ሦስተኛውን ነው። ሪፖርቱ ይህን ስሌት ለአንባቢ አይሠራለትም፤ ሊሠራለት ይገባ ነበር።

«የተጣራ» የሚለው ላይም ቆም ማለት ያስፈልጋል። በሲሚንቶ ዘርፍ የሒሳብ ደንብ መሠረት ጠቅላላ ልቀት ሲባል ከእቶኑ ጭስ ማውጫ የሚወጣው ካርቦን፣ የአሮጌ ጎማና የፕላስቲክ ቆሻሻ ቃጠሎ የሚያመጣውንም ጨምሮ ነው። የተጣራ ሲባል ግን ከእንዲህ ያለው ቆሻሻ የሚወጣው ተቀንሶ ነው፤ ምክንያቱ ቆሻሻው እዚህ ባይቃጠል ሌላ ቦታ ይቃጠል ወይም ይቀበር ነበር የሚል ነው። ሙግቱ መሠረት አለው። ፋብሪካዎች ለሚለቁት ካርቦን ፈቃድ እንዲያቀርቡ የሚያስገድደው የአውሮፓ የልቀት ንግድ ግን ይህን ቅናሽ አይቀበልም፤ ፋብሪካው ለጎማው ካርቦንም ፈቃድ ማቅረብ አለበት። ስለዚህ የኩባንያውን ወጪ መገመት የሚፈልግ ሰው ጠቅላላውን ቁጥር ይያዝ፤ የተጣራው የሚጠቅመው ኩባንያውን ከራሱ ካለፈ ታሪክ ጋር ለማወዳደር ነው። ሌላው ደግሞ በቶን የሚለካ ልቀት የጠቅላላውን መጠን አይናገርም። ኩባንያው በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ሲሚንቶ ያመርታል። በ527 ሲባዛ ከ50 ሚሊዮን ቶን በላይ ካርቦን ነው። የሽያጭ መቀዛቀዝ ብቻውን ይህን ቁጥር ያወርደዋል፤ ግንባታ ሲነቃቃ ደግሞ ያለ ምንም ጥፋት ተመልሶ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ካርቦን ከየት ነው የሚመጣው? የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር ተፈጭተው 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ እቶን ውስጥ ሲያልፉ ክሊንከር የሚባለው ጠጣር እንክብል ይወጣል። የኖራ ድንጋዩ ሲሞቅ ራሱ ይፈርስና ውስጡ የታሰረውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ለአንድ ቶን ክሊንከር ከዚህ ብቻ 520 ኪሎ ገደማ። ከነዳጁ የሚመጣው 300 ኪሎ ያህል በዚያ ላይ ይደመራል። ነዳጁን በሙሉ በንጹሕ ኃይል ብንተካው እንኳ ከድንጋዩ የሚወጣው አይቀርም። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ክሊንከሩን መቀነስ ወይም ጭሱን መያዝ።

በከረጢት እንየው። 95 በመቶ ክሊንከር ያለው 50 ኪሎ ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) 47.5 ኪሎ ክሊንከር ይይዛል። ለአንድ ኪሎ ክሊንከር 0.8 ኪሎ ካርቦን ብንይዝ ከረጢቱ 38 ኪሎ ካርቦን ይሸከማል። ክሊንከሩ ወደ 70 በመቶ ሲወርድ 35 ኪሎ ክሊንከርና 28 ኪሎ ካርቦን ይሆናል። እቶን ሳይቀየር፣ ቧንቧ ሳይዘረጋ ከአንድ ከረጢት 10 ኪሎ ተቀነሰ። የሃይድልበርግ አማካይ አሁን 70 በመቶ አካባቢ ነው። ከዚህ ወዲያ የሚቀነስ እያንዳንዱ 1 በመቶ ክሊንከር በቶን ሲሚንቶ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ካርቦን ያወርዳል፤ 10 በመቶ ቢቀንስ ከቀረው 127 ኪሎ ውስጥ ከግማሽ በላይ ተሸፈነ ማለት ነው። ለፎቶ የማይመች፣ ሪባን የማይቆረጥበት ሥራ ነው፤ ግን ትልቁ ድርሻ ያለው እዚህ ነው።

በክሊንከሩ ፋንታ የሚገባው ምንድን ነው? አውሮፓ ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከብረት ማቅለጫ የሚወጣው ስላግና ከድንጋይ ከሰል የኃይል ማመንጫ የሚሰበሰበው ዝንብ አመድ ነበር። ሁለቱም እያለቁ ነው። ብሪታንያ የመጨረሻውን የከሰል ኃይል ማመንጫዋን በመስከረም 2024 ዘጋች፤ የብረት ፋብሪካዎችም ወደ ኤሌክትሪክ እቶን እየዞሩ ነው፣ ከዚያ የሚወጣው ዝቃጭ ደግሞ ያንኑ ያህል አያገለግልም። ኩባንያው ይህን ቀድሞ አይቶታል። በ2023 አሜሪካ ውስጥ በየጉድጓዱ የተከማቸ አሮጌ አመድ አውጥቶ ለኮንክሪት እንዲሆን የሚያዘጋጀውን ሴፋ ግሩፕን ገዛ፤ በ2024 ደግሞ የማሌዢያውን አመድ አቅራቢ ኤስ ግሩፕን ጨመረ። ከሪፖርቱ የግዢ ዝርዝር ውስጥ ይበልጥ ብልህ የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ የነገን ጥሬ ዕቃ በዛሬ ዋጋ መያዝ ነውና።

ዘላቂው መንገድ ግን የተቃጠለ ሸክላ ነው። ካኦሊን የበዛበት ሸክላ አፈር ከ700 እስከ 850 ዲግሪ ብቻ ሲሞቅ ከኖራ ጋር የሚሠራ ማያያዣ ይሆናል፤ ከውስጡ የሚወጣው ካርቦን ሳይሆን ውሃ ነው። የታወቀው ቀመር 50 በመቶ ክሊንከር፣ 30 በመቶ የተቃጠለ ሸክላ፣ 15 በመቶ ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይና 5 በመቶ ጂፕሰም ነው። ሃይድልበርግ ከአጋሩ ሲቢአይ ጋና ጋር ቴማ ላይ በዓመት ከ400,000 ቶን በላይ የተቃጠለ ሸክላ የሚያመርት ፋብሪካ ተክሏል። ጋና ክሊንከር በውጭ ምንዛሪ ከውጭ የምታስገባ አገር ናት፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቶን ሸክላ ካርቦንም ዶላርም ይቆጥባል። ከብሬቪክ ይልቅ ይህ ፋብሪካ ለአፍሪካ የሚሆን ትምህርት አለው፤ ሪፖርቱ ግን የሚገባውን ያህል ቦታ አልሰጠውም።

የኢትዮጵያ ግንበኛ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። ከየሱቁ የሚገዛው ፒፒሲ በክሊንከር ላይ ከስምጥ ሸለቆ የሚወጣ ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ተፈጭቶ የተጨመረበት ነው። ደርባ፣ ሙገር፣ ዳንጎቴ፣ ለሚ ሁሉም ይህን መንገድ ያውቁታል። አውሮፓ አሁን በትልቅ ማስታወቂያ የሚያቀርበው አነስተኛ ክሊንከር ያለው ሲሚንቶ በኢትዮጵያ የቤት ግንባታ የተለመደ ነገር ነው። ልዩነቱ የጥራት ቁጥጥሩ ላይ ነው። የአውሮፓ ደረጃ እያንዳንዱን ዓይነት በክሊንከር ድርሻው ይለየዋል፤ ሴም 1 ከ95 በመቶ ጀምሮ፣ ሴም 2 ለ ከ65 እስከ 79፣ ሴም 3 ሀ ከ35 እስከ 64 ነው። በ2021 የወጣው ተጨማሪ ደረጃ ደግሞ ሴም 2 ሐ ብሎ ከ50 እስከ 64 በመቶ ክሊንከር ያለውን ፈቅዷል። ገዢው የያዘውን ያውቃል።

አነስተኛ ክሊንከር ያለው ሲሚንቶ ግን በሥራ ቦታ ላይ የራሱ ጠባይ አለው። የመጨረሻ ጥንካሬው ሊስተካከል፣ አንዳንዴም ሊበልጥ ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥንካሬው ግን ዘገምተኛ ነው። በኦፒሲ ልማድ ካሳፎርማውን ቶሎ የሚያነሳ ሰው ሶሌታው ይጎብጥበታል ወይም ይሰነጠቅበታል። ውሃ ማጠጣቱም ቢያንስ እስከ ሰባት ቀን፣ በደረቅና ነፋሻ ቦታ ደግሞ ከዚያ በላይ መቆየት አለበት፤ ምላሹ ረጅም ጊዜ ስለሚፈጅ ቀድሞ የደረቀ ኮንክሪት ላይኛው ክፍሉ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። የተቃጠለ ሸክላ ያለበት ደግሞ ውሃ በብዛት ይጠጣል። ሠራተኛው ድብልቁ ወፈረብኝ ብሎ ውሃ ከጨመረበት ጥንካሬው ይወድቃል፤ መጨመር ያለበት ማቅጠኛ ኬሚካል ነው። ሸክላው ብረት ካለበት ቀለሙም ወደ ቀይ ያደላል፣ ጥንካሬውን ባይነካም ገዢውን ያስጠረጥራል። ኩባንያው የአነስተኛ ካርቦን ምርቶቹን ድርሻ ከገቢው ግማሽ ለማድረስ አቅዷል። የዚህ ዕቅድ መሰናክል ከፋብሪካው ይልቅ የሥራ መርሐ ግብሩ ነው፦ ኮንትራክተሩ በየወለሉ ሁለት ተጨማሪ ቀን ለመጠበቅ ካልተስማማ ተመልሶ ወደ ሴም 1 ይሄዳል። ክረምት ላይ አውሮፓ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን የዘገየው ጥንካሬ ይበልጥ ይዘገያል።

ስለ ነዳጁ ባጭሩ። ከኩባንያው እቶኖች ነዳጅ 30 በመቶ ያህሉ አሁን ጎማ፣ የተለየ ቆሻሻ፣ የደረቀ የፍሳሽ ዝቃጭና ባዮማስ ነው፤ ለ2030 የታሰበው 45 በመቶ ነው። ሊደረስበት የሚችል ግብ ነው፣ ጀርመን ውስጥ ያሉ ፋብሪካዎች ከዚያ በላይ ይሄዳሉ። የሚያስቸግረው ክሎሪን ነው። በፕላስቲክ ቆሻሻ ውስጥ ያለው ክሎሪን በእቶኑ ውስጥ ይተንና ዱቄቱ ወደ እቶኑ ከመግባቱ በፊት በሚሞቅበት ቀዝቀዝ ያለ ማማ (ሳይክሎን) ላይ ሲደርስ ከዱቄቱ ጋር ተጣብቆ ይጠጥራል፤ ሲከማች ቧንቧውን ይዘጋውና እቶኑ ይቆማል። አንድ የቆመ እቶን ደግሞ ለማቀዝቀዝ፣ ለመክፈትና መልሶ ለማሞቅ ቀናት ይፈጃል። ለዚህ ነው ቆሻሻ ነዳጅ ማሳደግ የሚፈልግ ፋብሪካ መጀመሪያ ጋዙን በከፊል አውጥቶ ክሎሪኑን የሚያስወግድ ማለፊያ መትከል ያለበት። እርጥብ ቆሻሻም ሙቀት ይበላል፤ ማድረቂያ ሳይሠሩ መቶኛውን ከፍ ማድረግ በእቶኑ ምርት ላይ ይወጣል።

ወደ ብሬቪክ እንሂድ። በዓለም የመጀመሪያው ሙሉ መጠን ያለው የሲሚንቶ ፋብሪካ ካርቦን መያዣ ነው። ተከላው በ2024 መጨረሻ ተጠናቀቀ፣ በሰኔ 2025 ተመረቀ። በዓመት 400,000 ቶን ይይዛል፤ ይህ የፋብሪካው ልቀት ግማሽ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከእቶኑ የሚወጣው ጋዝ ይቀዘቅዛል፣ ይታጠባል፤ ከዚያ 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ረጅም ማማ ውስጥ አሚን ከተባለ ፈሳሽ ጋር ይገናኛል። አሚኑ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይይዛል፣ ቀሪው ናይትሮጅን ወደ አየር ይሄዳል። ካርቦን የጠገበው ፈሳሽ ወደ ሁለተኛ ማማ ይፈስና 120 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ የያዘውን ይለቃል፤ ባዶው አሚን ተመልሶ ይዞራል። የወጣው ካርቦን ታምቆ፣ ደርቆ፣ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ገደማና 15 ባር ግፊት ላይ ፈሳሽ ሆኖ በፋብሪካው ወደብ ታንኮች ይከማቻል። ከዚያ 7,500 ሜትር ኩብ በሚይዙ መርከቦች ተጭኖ ከበርገን በስተ ምዕራብ ወዳለው ኦይጋርደን ይሄዳል፤ ከዚያም በ110 ኪሎ ሜትር ገደማ የባሕር ቧንቧ ተገፍቶ ከባሕሩ ወለል በታች 2,600 ሜትር ላይ ባለ አሸዋማ አለት ውስጥ ይገባል። ማከማቻውን የሚያስተዳድረው ኢኩኖር፣ ሼልና ቶታልኢነርጂስ በጋራ የያዙት ኖርዘርን ላይትስ ነው። የመጀመሪያው ካርቦን በነሐሴ 2025 ወደ መሬት ገብቷል።

ለምን ግማሹን ብቻ? አሚኑን ለማስለቀቅ ለእያንዳንዱ ቶን ካርቦን 3 ጊጋጁል ገደማ ሙቀት ይፈለጋል። ብሬቪክ ከራሱ እቶን የሚባክነውን ሙቀት ሰብስቦ መጠቀም የሚችለው ለግማሹ የሚበቃውን ያህል ነው። ከዚያ በላይ ለመሄድ ተጨማሪ ነዳጅ ማቃጠል ወይም ብዙ መብራት መግዛት ያስፈልጋል፣ ያኔ ወጪውም ልቀቱም ይጨምራል። መጠኑን በባከነ ሙቀት መወሰናቸው ጥሩ የምሕንድስና ውሳኔ ነው። ወደፊት በዓይን መከታተል የሚገባው ግን የአሚኑ ዕድሜ ነው። ከእቶን የሚወጣ አቧራ፣ ሰልፈርና ናይትሮጅን ኦክሳይዶች አሚኑን ያበላሻሉ፤ ማጠቢያው በደንብ ካልሠራ ፈሳሹን ቶሎ ቶሎ መተካት የግድ ይሆናል። ለዓመቱ የተያዘው ቶን፣ የተተካው አሚንና የቆመበት ሰዓት በሪፖርቱ ቢወጣ ለዘርፉ ሁሉ ጠቃሚ ነው።

መጠኑን ግን በቦታው ማስቀመጥ ያስፈልጋል። 400,000 ቶን ከኩባንያው ዓመታዊ ልቀት 1 በመቶ አይሞላም። በቶን ሲሚንቶ ሲሰላ ከ4 ኪሎ አይበልጥም። ከወጪውም አብዛኛውን የሸፈነው የኖርዌይ መንግሥት ነው፤ ይህ የሚነቀፍ ነገር ባይሆንም «በራሱ ያዋጣል» የሚል መደምደሚያ እንዳይወሰድ ያስገድዳል። ኩባንያው በ2022 ባወጣው ዕቅድ እስከ 2030 በድምሩ 10 ሚሊዮን ቶን ካርቦን እንደሚይዝ ተናግሯል። ብሬቪክ ከ2025 አጋማሽ እስከ 2030 ማብቂያ ያለ እንከን ቢሠራ 2.2 ሚሊዮን ቶን ነው። በዌልስ ፓድስዉድ በዓመት 800,000 ቶን የሚይዘው ፕሮጀክት የመጨረሻ የኢንቨስትመንት ውሳኔ ያገኘው በመስከረም 2025 ነው፤ ሥራ የሚጀምረው በ2029 ከሆነ እስከ 2030 ማብቂያ የሚጨምረው በጣም ቢበዛ 1.6 ሚሊዮን ቶን ነው። የስዊድኑ ስሊቴ በዓመት 1.8 ሚሊዮን ቶን ይዞ ሒሳቡን ሊቀይር ይችል ነበር፤ ሆኖም ብዙ መብራት፣ ወደብና የመንግሥት ድጋፍ ይጠብቃል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ለሚቸል ኢንዲያና ፋብሪካ የተፈቀደው እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የፌዴራል ድጋፍ በ2025 ተሰርዟል። ሲደመር የ10 ሚሊዮኑ ግብ ከግማሽ በታች ነው የሚሸፈነው። ኩባንያው ይህን ቁጥር በግልጽ ቢያሻሽለው ይከበርበታል።

ከብሬቪክ የሚመጣው ሲሚንቶ ኢቮዜሮ በሚል ስም ይሸጣል። ገዢ ሁለት ነገር መለየት አለበት። አንደኛው ከብሬቪክ በመርከብ የሚመጣ እውነተኛው ሲሚንቶ ነው። ሁለተኛው በአካባቢው ፋብሪካ የተመረተ መደበኛ ሲሚንቶ ሆኖ የብሬቪክ የካርቦን ቁጠባ በምስክር ወረቀት የሚሰጠው ነው። ሁለተኛው ማጭበርበር አይደለም፤ ሲሚንቶን አውሮፓን ሁሉ አቋርጦ ማጓጓዝ ራሱ ካርቦን ያወጣል፣ ሒሳቡም በውጭ አረጋጋጭ ይታያል። ነገር ግን ሕንፃው ውስጥ የፈሰሰው ኮንክሪት ያው የተለመደው ነው። አማካሪ መሐንዲስ የጨረታ ሰነድ ሲያዘጋጅ የትኛውን እንደሚቀበል ለይቶ ይጻፍ፤ የአካባቢ ተጽዕኖ መግለጫውን ይጠይቅ፣ በመግለጫው ላይ የጥሬ ዕቃ፣ የማጓጓዣና የማምረቻ ልቀት ያለ ምስክር ወረቀቱ ስንት እንደሆነ ይመልከት። በርካታ የሕንፃ ምዘና ሥርዓቶች በወረቀት የተላለፈ ቁጠባን አይቀበሉምና ነጥቡን ተማምኖ ከገዙ በኋላ መከራከር ይመጣል።

ከሪፖርቱ ውስጥ ደካማው ክፍል ስለ ድንጋይ ማውጫ አካባቢ ነዋሪዎች ያለው ነው። ኢንዶኔዢያ ማዕከላዊ ጃቫ ውስጥ በኬንዴንግ ተራሮች ላይ በንዑስ ኩባንያው ኢንዶሲመንት በኩል ያሰበው ፕሮጀክት ከገበሬዎች ጋር ለዓመታት ሲያሟግት የቆየ ነው፤ የኖራ ድንጋዩ ተራራ ለእርሻቸው የውሃ ማጠራቀሚያ ስለሆነ። በ2020 ጉዳዩ ጀርመን ላለው የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) ብሔራዊ አቤቱታ ተቀባይ ቢሮ ቀርቧል። ስለ ካርቦን በኪሎ የሚጽፍ ኩባንያ ስለ ውሃና ስለ መሬትም በዚያው ጥንቃቄ ቦታ በቦታ ሊጽፍ ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ማውጫ የውሃ ጥናቱንና የነዋሪውን አቤቱታ ሁኔታ ማስቀመጥ ከባድ ሥራ አይደለም።

ለሚቀጥሉት ሪፖርቶች ከፋይናንስ ሰንጠረዡ ይልቅ መታየት ያለበት የአውሮፓ ሕግ የሚያመጣው ወጪ ነው። ከ2026 ጀምሮ ለሲሚንቶ ፋብሪካ በነፃ የሚሰጠው የልቀት ፈቃድ እየተነሳ ነው። በ2026 የሚቀነሰው 2.5 በመቶ፣ በ2027 5 በመቶ፣ በ2028 10 በመቶ ሲሆን ይህ ብዙም አይሰማም። በ2029 22.5፣ በ2030 48.5 በመቶ ሲደርስ ግን ሒሳቡ ይለወጣል፤ በ2034 ነፃ የሚባል ፈቃድ አይኖርም። አንድ ቶን ክሊንከር 0.8 ቶን ካርቦን ካወጣና ፈቃዱ 70 ዩሮ ከሆነ ያለ ነፃ ፈቃድ በቶን 56 ዩሮ ይከፈላል። ክሊንከሩን ቀድሞ የቀነሰ ፋብሪካ ያን ልዩነት ትርፍ ያደርገዋል፤ ያልቀነሰው ወይ ዋጋ ይጨምራል ወይ ይዘጋል። ስለዚህ የ2025ንና የ2026ን ሪፖርት የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው የተጣራው ልቀት ከ527 በስንት ኪሎ እንደወረደ ነው፤ ከ20 በታች ከሆነ የ2030ው ግብ በየዓመቱ እየራቀ ነው። ቀጥሎ የክሊንከሩን መቶኛ በየአህጉሩ ይይ፦ አማካዩ የወረደው አውሮፓ ውስጥ ምርት ስለቀነሰ ነው ወይስ በእርግጥ ቀመሩ ስለተቀየረ? ይህን የሚለየው የየአህጉሩ ዝርዝር ነው።